ድምፁ የጠፋ ጥበብ በምን ይታወቃል? ከገንዳ ውሃ የተጻፈ ምልልስ

የክዋኔ ጥበብ ከሌላው ቅርስ የሚለየው በክዋኔው ሰዓት ብቻ የሚኖር በመሆኑ ነው። ሐውልት ከጠራቢው በኋላ ይቆማል፤ ብራና ከጸሐፊው በኋላ ይነበባል፤ ዜማ፣ ውዝዋዜና ጨዋታ ግን ክዋኔው ሲያበቃ አብረው ያበቃሉ። የሚቀረው ዙሪያቸው ነው፦ መሣሪያው፣ ሥዕሉ፣ የመንገደኛው ማስታወሻ፣ የዜማው ምልክት፣ እንዲሁም ጥበቡን ከቀደመው ሰው የተቀበለ ጉሮሮና እግር። ከእነዚህ ቅሪቶች ተነሥቶ የጠፋውን ጥበብ ምን ያህል መልሶ ማግኘት ይቻላል የሚለው ጥያቄ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የቅርብ ጥያቄ ነው። ከጎንደር በጭልጋ ወርዶ፣ ገንዳ ውሃን አልፎ መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው መንገድ ለዘመናት የነጋዴ፣ የሠራዊት፣ የስደተኛና የአጥኚ መተላለፊያ ሆኖ ኖሯል። ስለ ጎንደር ጥበባት የጻፉ መንገደኞች በዚህ በር ገብተዋል፣ ወጥተዋል፤ ጎንደርን ያቃጠለ ጦርም በዚሁ በር ገብቷል። ምልልሱ በገንዳ ውሃ በሚያገለግሉ አንድ መሪጌታና በአንዲት የባህል ታሪክ አጥኚ መካከል ነው።

አጥኚዋ፦ የኔታ፣ ነገሩን ከጄምስ ብሩስ እንጀምረው። ብሩስ ስኮትላንዳዊ ነው። ጎንደር ከርሞ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ወደ ስናር ሲወርድ የሄደው በዚሁ ቆላ፣ በዚያ ዘመን ራስ አል-ፊል በሚባለው አገር በኩል ነው። ንጉሡ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት በአገሩ ላይ ሾመውት ስለነበር በስም ገዥው እሱ ነበር፤ ያስተዳድርለት የነበረው ግን ያሲን የተባለ ሰው ነው። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ የዜማ መሣሪያዎች ለሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው ለቻርልስ በርኒ ደብዳቤ ጻፈ። በርኒም እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስገባው።

መሪጌታ፦ ምን ምን ቆጠረ?

አጥኚዋ፦ ስድስት መሣሪያ፦ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና ባለ አውታሩን። ከምን እንደሚሠሩና መቼ እንደሚሰሙ ጽፏል። ስለ ባለ አውታሩ የጻፈው በተለይ ይጠቅማል። ክንዶቹ ቀድሞ ከአጋዘን ቀንድ ይሠሩ ነበር፤ ጠመንጃ ከገባ ወዲህ አውሬው እየተመናመነ ሲሄድ በቀይ እንጨት ተተኩ፤ እንጨቱ ግን የቀንዱን ጥምዝ እየተከተለ ይቀረጻል ይላል።

መሪጌታ፦ እንግዲያ እንጨቱ ራሱ ስለ ቀንዱ ይመሰክራል። ደብዳቤው ባይኖር ያንን ጥምዝ ያየ ሰው የጠራቢው ጌጥ ነው ብሎ ያልፈው ነበር።

አጥኚዋ፦ ልክ ነው፤ ደብዳቤው ብቻውን ቢቀር ደግሞ ጥምዙ ምን እንደሚመስል አናውቅም ነበር። ከባዱ ጉዳይ ግን መለከቱ ነው። ብሩስ እንዳየው መለከት ከሸንበቆ ይሠራል፣ ጫፉ ላይ የቅል አፍ ይገጠምለታል፣ ሁሉም በብራና ይለበጣል። የሚሰጠው ድምፅ አንድ ብቻ፣ እሱም ሻካራ ነው። ሠራዊት በጉዞ ላይ ሳለ በዝግታ ይነፋል፤ ጠላት ፊት ሲደርሱ ግን ፈጥኖና በርትቶ ይነፋል።

መሪጌታ፦ አንድ ድምፅ ብቻ ያለው መሣሪያ ለንጉሥ ይነፋል? ይህን ያነበበ ሰው ሙዚቃው ድኻ ነበር ብሎ ይደመድማል።

አጥኚዋ፦ ሊደመድም ይችላል፤ ሐሳቡን የሚያርመው ሌላ ደብዳቤ ሳይሆን እስከ ዘመናችን የደረሰ ክዋኔ ነው። እንቢልታን ይውሰዱት። የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ እንቢልታ ከአንድ ወይም ከሁለት ድምፅ በላይ አያወጣም። ስለዚህ ለብቻው አይነፋም። ሦስት ነፊዎች ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በተራው ጣል ያደርጋል፤ ከመፈራረቃቸው ዜማ ይወጣል። ዜማው በአንዱም ነፊ ዘንድ የለም፤ በሦስቱ መካከል ነው። ከዚህ ቆላ ወደ ደቡብ፣ በቤኒሻንጉልና ድንበሩን ተሻግሮ በሱዳን ጥቁር ዓባይ፣ በርታዎች ዋዛ የሚሉት ረዣዥም የቅል መለከት አለ። እሱም በተመሳሳይ መንገድ ይነፋል፤ ብዙ ሰው ይሰለፋል፣ ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ ይደርሰዋል። ብሩስ የጻፈው እውነት ነው፤ ግን የነገረን ስለ አንዱ መሣሪያ እንጂ ስለ ሙዚቃው አይደለም።

መሪጌታ፦ እንግዲያ የጎንደር ነገሥታት መለከትም እንደ እንቢልታ በመፈራረቅ ይነፋ ነበር ልትይ ነው?

አጥኚዋ፦ አልልም። ጎረቤት እንዲህ ያደርጋል ማለት እኛም እንዲህ አድርገናል ማለት አይደለም። እንቢልታና ዋዛ የሚያስረዱን ባለ አንድ ድምፅ መሣሪያ ሙሉ ዜማ ሊሸከም እንደሚችል ነው። የብሩስ ዓረፍተ ነገር በዚህ ምክንያት የድህነት ማስረጃ መሆኑ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍት ነው፤ ክፍት መሆኑም በጽሑፍ መገለጽ አለበት።

መሪጌታ፦ መሣሪያው ራሱ ሳይጎዳ ቢገኝስ? ነፍቶ መስማት ነው።

አጥኚዋ፦ ይህ በግብፅ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው በቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ ሁለት መለከቶች ነበሩ፤ አንዱ የብር፣ ሌላው የመዳብ። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ የተቀበሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1939 አንድ የእንግሊዝ ጦር ሙዚቀኛ ከካይሮ ነፋቸውና በቢቢሲ ሬዲዮ ተላለፈ። ብዙ ሕዝብ የፈርዖንን ሙዚቃ ሰማሁ አለ። ነገር ግን ነፊው የዘመኑን የመለከት አፍ ሰክቶበት ነበር፤ የነፋውም የራሱን ዘመን የጦር ሰፈር ጥሪ በሚመስል አነፋፍ ነው። የተሰማው የብሩ ድምፅ ነበር። ግብፃዊው ነፊ ከንፈሩን እንዴት እንደሚያጠብቅ፣ ትንፋሹን የት እንደሚቆርጥ፣ ድምፁን ስንት ጊዜ እንደሚደጋግም የሚነግር ነገር በመቃብሩ ውስጥ አልነበረም።

መሪጌታ፦ መሣሪያ ዲዳ ነው እንበል። ጽሑፍስ? ዜማው ራሱ ተጽፎ ቢገኝ?

አጥኚዋ፦ እሱም አለ። በሶርያ የባሕር ጠረፍ በምትገኘው በጥንታዊቷ ኡጋሪት የተቆፈሩ የሸክላ ጽላቶች ላይ በሁሪ ቋንቋ መዝሙር ተጽፏል፤ ከሥሩም የአውታር ስሞችና ቁጥሮች አሉ። ዕድሜው 3,400 ዓመት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሊቃውንት አንብበውታል። ጽላቱ አንድ ሲሆን የወጡት ዜማዎች ግን እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። አንዱ በሁለት ድምፅ ያዜመዋል፣ ሌላው በአንድ፤ የአንዱ ይረዝማል፣ የሌላው ያጥራል። ምልክቱ ተርፏል፤ ምልክቱን ለደቀ መዝሙር ያስተማረው መምህር ግን የለም።

መሪጌታ፦ ይህን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የድጓን ምልክት ያለ መምህር ያነበበ ሰው የለም። ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፣ ስድስተኛው ምዕት። ምልክቱ የመጣው ግን ከሺህ ዓመት በኋላ ነው። የግራኝ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ መጻሕፍቱ ከነደብሮቹ ጠፉ፤ መምህራኑም ተበተኑ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ዜማውን በምልክት አስቀመጡት ተብሎ ይነገራል። ጊዜውን አስቢው፤ ገና የሚያስታውሱ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ነው። ሃምሳ ዓመት ቢዘገዩ ኖሮ የሚጻፍ ነገር አይኖርም ነበር።

አጥኚዋ፦ ምልክቱ ሲነበብ ምንድን ነው የሚነግረው፣ የኔታ? ላልተማረ ሰው በመስመሮቹ መካከል የተበተኑ ጥቃቅን ፊደሎች ብቻ ናቸው።

መሪጌታ፦ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ የምንለው ነው፤ ድምፅን እንዴት እንደምትይዢ፣ የት እንደምትጥዪ፣ የት እንደምትቆርጪ ያሳያል። ሌላው አንቺ ጥቃቅን ፊደል ያልሽው ነው። እሱ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ከያዘው የታወቀ ሐረግ የተወሰደ ፊደል ነው፤ ‘ይህን ቃል በዚያ ሐረግ ዜማ በል’ ይላል። ስለዚህ ሐረጉን የማያውቅ ሰው ፊደሉን ቢያይ ምንም አያገኝም። ምልክቱ የሚሠራው ያጠናውን ለማስታወስ ነው፤ ላላጠና ሰው አያስተምርም። የዜማ ስልቶቹ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይም እንዲሁ ናቸው፤ ስማቸው በብራናው ላይ ይጻፋል፣ ጣዕማቸው ግን ከየኔታ አፍ ነው የሚቀዳው።

አጥኚዋ፦ ይህ እርስዎ የነገሩኝ ነገር በምርምርም ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎችን አንሥቷል። ኬይ ካውፍማን ሸለማይና ፒተር ጀፈሪ በዚያ ተጠቅመው የተለያየ ዘመን ድጓዎችን አስተያዩ። ከጎን ደግሞ ሊቅ አስቀምጠው ያንኑ ክፍል አስዜሙና ቀዱ። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ታተመ። ምልክቶቹ ከ500 በላይ ሆነው ተቆጠሩ፤ ከ16ኛው ምዕት በፊት ባሉት ብራናዎች ላይ ግን የሉም። የሥራው ጥንካሬ ግን ከቁጥሩ ይልቅ በአካሄዱ ነው። ከዛሬው አዜማም ተነሥተው ምልክቱን አነበቡ፤ ከዚያ ምልክቱን ይዘው በብራናዎቹ ወደ ኋላ ሄዱ። ብራናው ሲያልቅ እነሱም ቆሙ። ከኡጋሪት ጽላት የሚለየው ይህ ነው፤ እዚህ የሚታወቀው ጫፍ ሕያው ነው።

መሪጌታ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጄ፤ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ስለሆነ ነው። ሕያው የሆነ ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። የአቋቋምን ተክሌ የሚያይ ሰው፣ መቋሚያው ሲወዘወዝ፣ ጸናጽሉ ሲከተል፣ ከያሬድ ዘመን ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል። ተክሌ ግን የአለቃ ገብረ ሐና ሥራ ነው፤ የ19ኛው ምዕት ነው። በጎንደር በአታ አልቀበል ቢሏቸው ልጃቸው ተክሌ ይዞት ወጣና በደብረ ታቦር አስተማረው፤ ስሙም በልጁ ቀረ። ዛሬ በየደብሩ ይቆምበታል። መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ያለውን ነገር ጥንታዊ ነው ብሎ የጻፈ አጥኚ ሕያው ምስክሩን ዕድሜውን ሳይጠይቅ የተቀበለ ነው።

አጥኚዋ፦ ጥሩ አድርገው አስታወሱኝ። ጸናጽሉም ተመሳሳይ ወጥመድ አለበት። በግብፅ መቃብር ሥዕሎች ላይ ጸናጽል የያዙ ሰዎች አሉ፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይሰማል። መሣሪያው ዘመድ መሆኑ ይታያል። ከዚያ ተነሥቶ የግብፅ ካህናት ጸናጽልን እንደ ጎንደር ደብተራ ያንቀሳቅሱ ነበር ማለት ግን መሣሪያውን ተከትሎ እጁን መፍጠር ነው።

መሪጌታ፦ ስለ ጥፋት ካነሣን የድርቡሽ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶቹ ጦር ከዚህ ከመተማ ተነሥቶ ወጣ። የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በሳር ውሃ ድል ነሣ፤ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። በዓመቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ እዚሁ መተማ ላይ ወደቁ። የጎንደር መጻሕፍት ስንቱ እንደነደደ እግዚአብሔር ይወቀው። አቋቋሙና ድጓው ግን አልጠፋም።

አጥኚዋ፦ ለምን አልጠፋም ይላሉ?

መሪጌታ፦ በአንድ ከተማ ስላልነበረ ነዋ። ድጓ የሚመሰከረው በጋይንት ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ ነው። ጎንደር የአቋቋም ቤት ብትሆንም ተማሪዎቿ በየገጠሩ ነበሩ። ቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ከደብር ደብር ይዞራል፤ ትምህርቱም አብሮት ይዞራል። ከተማ ቢቃጠል የሚቃጠለው ብራናው ነው።

አጥኚዋ፦ የቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ ዕድል የተለየው በዚህ ይመስለኛል። አርባ አራት ነጋሪት፣ መለከቱና እንቢልታው ይኖሩ የነበሩት በንጉሥና በመኳንንት ደጅ ነው፤ ተማሪ ቤት አልነበራቸውም፣ የሚከፍላቸውም ጌታ ብቻ ነበር። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አምጥተው የናስ ሙዚቃ ባንድ ሲያቋቁሙ የክብር አቀባበሉ ቀስ በቀስ ወደ ናስ ተሸጋገረ። ዘውዱ ሲወርድ ደግሞ ደጁ ራሱ ተዘጋ። እንቢልታ በትግራይና በአንዳንድ ቦታ በሕዝብ በዓል ላይ ስለሚነፋ ተረፈ። የቤተ መንግሥቱ መለከት ግን ዛሬ በአብዛኛው በሙዚየም መስታወት ውስጥና በብሩስ ደብዳቤ ላይ ነው ያለው። አንድ ጥበብ መትረፉ በውበቱ አይወሰንም፤ በማን እንደሚመገብና ስንት ቦታ እንደሚማሩት ነው የሚወሰነው።

መሪጌታ፦ ተማሪ ቤቱ ራሱ አገር ለቆ ቢሄድስ? ከቋራ የሄዱት ቤተ እስራኤሎች አሉ።

አጥኚዋ፦ ወደዚያ ልመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ሸለማይ በጎንደር አቅራቢያ በአምቦበር የቤተ እስራኤልን ጸሎት ቀዳች። ስትጀምር የጠበቀችው ከጥንታዊ አይሁድ የወረደ ዜማ ነበር። የጸሎቱን ቅደም ተከተል፣ የግዕዙን ቃልና ዜማውን ከቤተ ክርስቲያን ሰዓታት ጋር ስታስተያይ ሌላ ነገር ወጣ፤ ሥርዓቱ በ14ኛውና በ15ኛው ምዕት ከነበረው የኢትዮጵያ ገዳማዊ ሥርዓት ጋር የጠበቀ ዝምድና አለው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1986 ታተመ፤ ሁሉም አልተቀበሉትም። ነገር ግን የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ራሳቸው ምንኩስናንና ጸሎትን አባ ሰብራ የተባለ፣ ከክርስቲያን ወገን የመጣ መነኩሴ እንዳስተማራቸው ይተርካሉ። የአፍ ትውፊቱና ዜማው ሳይተዋወቁ ወደ አንድ ዘመን ጠቆሙ።

መሪጌታ፦ የሽማግሌ ቃል ከብራና ያንሳል የሚሉ ይህን ሊሰሙ ይገባል።

አጥኚዋ፦ አዎን። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቤተ እስራኤሎች በእግራቸው በዚህ ቆላ ወደ ሱዳን ወረዱ፤ ብዙዎች በመንገድና በመጠለያ አለቁ። የተረፉት እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ በተጀመረው ዘመቻ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከቋራ ቀርተው የነበሩትም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሄዱ። ዛሬ ጸሎቱን የሚመሩት ቄሶች እዚያ ናቸው፤ ሲምሐ አሮምና ኦሊቪዬ ቱርኒ የሚባሉ አጥኚዎችም የቀዱት እዚያው ነው። የጸሎት ቤቱ ፍርስራሽ ጎንደር ውስጥ ሆኖ ድምፁ ሌላ አገር ነው ያለው። ስለዚህ የአንድን ቦታ ጥበብ የሚያጠና ሰው ቦታው ላይ ብቻ ቢፈልግ ግማሹን ያጣል።

መሪጌታ፦ ብዙ ነገር ከዚህ ወጥቷል። ሥዕሉንም ወስደውታል።

አጥኚዋ፦ የአባ እንጦንዮስን ሥዕል ማለትዎ ነው። የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ የተባለው የፈረንሳይ ቡድን፣ በማርሴል ግሪዮል መሪነት፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ገላባት ላይ ፈቃድ እየጠበቀ ሰነበተና በመተማ ገብቶ ጎንደር ወጣ። ከሐምሌ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ጎንደር ተቀመጠ። የአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕሎች ነቅሎ በቦታው ግልባጭ ተካ፤ ዋናዎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው። ከዚሁ ቡድን ጋር የነበረው ሚሼል ሌሪስ ግን ሌላ ነገር ተከታተለ። በአባ ጀሮም አስተርጓሚነት መልካም አየሁ በተባለች የጎንደር ባለ ዛር ቤት እየዋለ ሥርዓቱን በየቀኑ ጻፈ።

መሪጌታ፦ ቤተ ክርስቲያን የምታወግዘውን ነገር ለማስረጃ ትቆጥሪዋለሽ?

አጥኚዋ፦ ውግዘቱ የእርስዎ ነው፣ የኔታ፤ እኔ የምፈልገው የክዋኔውን መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ዜማ፣ የራሱ ፉከራ፣ የራሱ አለባበስና አረማመድ አለው። ሴትየዋ ዛሩ ሲለወጥ ድምፅዋንም እጅዋንም ትለውጣለች። ታዳሚው ማን እንደመጣ ከአኳኋንዋ ያውቃል። ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ከቴአትር ጋር አያይዞ መረመረው፤ እየኖሩት የሚሠሩት ቴአትር ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ስለነበረ የጎንደር የአደባባይ ያልሆነ ክዋኔ በዚህ ልክ የተጻፈ ሌላ ነገር አላውቅም።

መሪጌታ፦ ማውገዜን አልተውም። ግን እንዲህ ከተጻፈ የጻፈው ሰው ምን ያህል እንደሚታመን ልጠይቅ። እንግዳ ሲመጣ ሰው ደግሶ ያሳያል፤ በሌለበት የሚያደርገውን ላያደርግ ይችላል።

አጥኚዋ፦ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ለአንዳንዱ ሥርዓት የመሥዋዕቱን ከብት የገዛው የጉዞው ገንዘብ ነው። ሌሪስ ይህን በራሱ ማስታወሻ አልደበቀም። ስለዚህ መጽሐፉ ሲነበብ ዜማውን፣ አለባበሱንና የዛሮቹን ስም መቀበል ይቻላል፤ ሥርዓቱ በዓመት ስንት ጊዜ ይደረግ ነበር፣ ምን ያህልስ ይደገስ ነበር ለሚለው ግን ምስክርነቱ ደካማ ነው። አንድ ምንጭ ለአንድ ጥያቄ ጠንካራ፣ ለሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል። ምንጩን በጅምላ ማመንም መጣልም ይህን ያበላሻል።

መሪጌታ፦ እንግዲህ ወደዚህ እንመለስ። በዚህ ቆላ የኛ የደጋው ዜማ ብቻ አይደለም ያለው። ጉሙዙ አለ፤ ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው አለ፤ ከሱዳን የሚሻገረው አለ። የማናቸው ነው የተጻፈው?

አጥኚዋ፦ ስለ ጎንደር በተጻፈው ልክ የተጻፈ የለም። በመተማና በቋራ የሚኖሩት ጉሙዞች የራሳቸው ዘፈን፣ ውዝዋዜና የትንፋሽ መሣሪያ አላቸው። ጥበባቸው በብራና አልሰፈረም፤ መሣሪያዎቻቸው ደግሞ ከቀርከሃ፣ ከሸንበቆና ከቅል የሚሠሩ ናቸው። በዚህ ሙቀትና በዚህ ምስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ብዙ ዘመን አይቆይም። ከሺህ ዓመት በኋላ አርኪዮሎጂስት ቆፍሮ የሚያገኘው የቱታንክሃሙን መለከት እዚህ አይኖርም። ማስረጃው ዛሬ በሚነፋው ሰው ላይ ነው ያለው፤ እሱ ካለፈ ወደ ኋላ የሚመለሱበት ነገር አይተርፍም። ጥንታዊነቱ ይረጋገጥ ወይም አይረጋገጥ፣ ቅድሚያው ለዚህ ነው።

መሪጌታ፦ ከሱዳን የመጡትስ?

አጥኚዋ፦ እነሱም ያው ናቸው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣ በመተማ በኩል ብዙ ሕዝብ ተሻገረ፤ ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተከፈተ። የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘረፈ። ከተሻገሩት መካከል ዘፋኙ፣ ከበሮ መቺው፣ የሠርግ ዘፈን የምታወርደው ሴት ይኖራሉ። ቤተ እስራኤሎች ሲያልፉ በዚህ መንገድ ላይ የቀዳቸው አልነበረም።

መሪጌታ፦ እንቅዳ ብንል እንዴት ይቀዳል? ስልክ አውጥቶ ማንሣት ይበቃል ይሉኛል ልጆቹ።

አጥኚዋ፦ ከምንም ይሻላል፤ ግን ለትንፋሽ መሣሪያ አይበቃም። አሥር ሰው እየተፈራረቀ ሲነፋ አንድ ላይ የተቀዳውን በኋላ ማንም አይለየውም። ሲምሐ አሮም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በመካከለኛው አፍሪካ የባንዳ ሊንዳዎችን የቀንድ መለከት ሲያጠና ለዚህ መላ አበጀ። በመጀመሪያ ሁሉንም አንድ ላይ ቀዳ። ከዚያ አንዱን ነፊ ብቻ አስነፍቶ ቀዳው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የራሱን ነፋ፤ ሦስተኛው የሁለተኛውን እየሰማ ነፋ፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻው ተገኘ፤ ሲደራረቡም ሙሉው ዜማ ወጣ። ለእንቢልታም፣ ለዋዛም፣ ለቆላው ዋሽንቶችም ይህ ይሠራል። ከድምፁ ጋር የመሣሪያው ርዝመትና ውፍረት ይለካል፤ የተቆረጠበት ተክልና ወቅት ይጻፋል፤ ውዝዋዜው ካለ እግሩ እንዲታይ ሆኖ በምስል ይያዛል፤ ፊት ብቻ የሚያሳይ ምስል ለውዝዋዜ አይጠቅምም።

መሪጌታ፦ ከማን እንደተማረስ? እኛ ዘንድ ተማሪ ስሙን ሲናገር የመምህሩንም ይናገራል።

አጥኚዋ፦ ከሁሉ በፊት እሱ። ከማን፣ የት፣ በስንት ዓመቱ ተማረ፤ መምህሩስ ከማን። ይህ ካለ፣ እርስዎ ስለ ተክሌ ያሉት ዓይነት ስሕተት ይቀንሳል፤ አዲስ የተጨመረው ከቆየው ይለያል። የማይቀዳም አለ። ለውጭ ሰው የማይሰማ ሥርዓት ካለ ባለቤቶቹ አይቀዳ ካሉ አይቀዳም። የተቀዳውም አንድ ግልባጭ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ አንድ ደግሞ ለነፉት ሰዎች መድረስ አለበት።

መሪጌታ፦ ለነፉት ሰዎች መድረሱ ብቻ አይበቃም። የድጓ ተማሪ ያጠናውን ለየኔታ መልሶ ያሰማል፤ የሳተውም ይታረምለታል።

አጥኚዋ፦ እንዲሁ ይደረጋል። ቀረጻው መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ ይሰማል፤ ይህ ተራው አልደረሰም፣ ያኛው ዘገየ፣ ይህ የሠርግ እንጂ የለቅሶ አይደለም የሚሉት ሁሉ ይመዘገባል፤ አስፈላጊ ከሆነም እንደገና ይነፋል። ማኅደር የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።